የዘይት ግፊት መርፌ ምን ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ዳሽቦርዱ ላይ እውነተኛ የዘይት ግፊት ጌጅ ነበረው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ መርፌው ሽቅብ ይወጣል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይወርዳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይነሣል፤ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ዝቅ ይላል። ከ1995 ሞዴል ጀምሮ ግን ጌጁ በቦታው ቢኖርም ሥራው ተለወጠ። መርፌውን የሚያዘው አንድ ተራ ስዊች ሆነ፤ ግፊቱ ከአንድ ዝቅተኛ ወሰን በላይ እስከሆነ ድረስ መርፌው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከወሰኑ በታች ሲወርድ ዜሮ ላይ ይወድቃል። በመካከል ስላለው ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም።

ብዙ ሰው የማይንቀሳቀሰውን መርፌ ሲያይ ልቡ ያርፋል፣ የሚወዛወዘውን ሲያይ ይደነግጣል። ይሁንና ስለ ሞተሩ ጤና አንዳች ነገር የሚነግረን የሚወዛወዘው ነው። ንግግሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ግፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የስፖርት መኪና ዘይት ሲመረጥ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨውም ይህን ካለማወቅ ነው።

ግፊት የሚለካው ምንን ነው?

የሞተር ዘይት ፓምፕ በአንድ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው ዘይት ከሥር ካለው ቋት ስቦ ወደ ላይ ይገፋል። ሥራው ማፍሰስ ነው። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ በፊልትሮው፣ በቀጫጭን መተላለፊያዎቹና በቤሪንጎቹ ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ውኃ የሚያፈስ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ቢያፍኑት በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የሚወጣው ውኃ ግን አልበዛም፣ እንዲያውም አንሷል። የዘይት ግፊት ጌጅም የሚለካው ይህንኑ መታፈን ነው።

ስለዚህ መርፌው ከፍ ያለው ሞተሩ ብዙ ዘይት ስላገኘ ላይሆን ይችላል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ ማለፍ አቅቶት ሊሆን ይችላል። መርፌው ዝቅ ሲልም ዘይቱ ሞቆ ቀጥኖ በቀላሉ እየፈሰሰ ይሆናል፤ ወይም ቤሪንጎቹ ተበልተው ክፍተታቸው ሰፍቶ፣ ወይም ፓምፑ ዘይት አጥቶ አየር እየሳበ ይሆናል። አንድ ቁጥር ከአንድ በላይ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። የትኛው ታሪክ እንደሆነ ለማወቅ የዘይቱን ሙቀትና የሞተሩን ዙር አብሮ ማየት ግድ ነው።

ሞተሩን የሚሸከመው ፓምፑ አይደለም

ክራንክሻፍቱ ቤሪንጉን ሳይነካ የሚሽከረከረው ፓምፑ በግፊት አንሥቶ ስለያዘው ይመስላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የትም አይደርስም ነበር። ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ባር ነው፤ ፒስተኑ በእሳት ሲገፋ የቢየላው ቤሪንግ የሚሸከመው ግን በመቶዎች ባር ይቆጠራል።

ይህን ምስጢር የገለጠው ቢውቻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለእንግሊዝ የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም የባቡር ቤሪንግ ሰበቃን ይመረምር ነበር። አክስሉ ታችኛው ገጹ ዘይት ውስጥ እየተነከረ ይዞራል፤ ቤሪንጉ ከላይ ተጭኖበታል። ታወር ዘይት ለማጠጣት ብሎ ከቤሪንጉ አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። አክስሉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ገንፍሎ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት ጌጅ ቢተክልበት ንባቡ ከ200 ፒኤስአይ አለፈ፤ በቤሪንጉ ላይ የነበረው አማካይ ጭነት ግን 100 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነበር። ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ ደግሞ በቦታው አልነበረም።

በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ነገሩን በሒሳብ አብራራው። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠበው ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱ መውጫ ሲያጣ ዘንጉን ያነሣዋል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የዘንጉ ፍጥነት፣ የዘይቱ ውፍረትና የማይቋረጥ የዘይት አቅርቦት። የፓምፑ ድርሻ ሦስተኛው ነው፤ የፈሰሰውን ይተካል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። ዘይት በምንመርጥበት ጊዜ የምንወስነው ሁለተኛውን ነው።

ቀዝቃዛና ትኩስ ዘይት

የዘይት ውፍረት በሙቀት እጅግ ይለዋወጣል። በ5ደብሊው-40 ስም የሚሸጥ የተለመደ ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 85 ሴንቲስቶክስ ገደማ ይሆናል፤ በ100 ዲግሪ 14 ገደማ ብቻ። ስድስት እጥፍ ልዩነት ነው። ጠዋት ላይ መርፌው ሰማይ የሚነካው ለዚህ ነው። በዚህ ሰዓት ነዳጅ አብዝተው ቢሰጡት በፓምፑ አጠገብ ያለው የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይከፈትና ትርፉን ዘይት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጌጁ ከፍተኛ ግፊት ያሳያል፤ በቤሪንጎቹ የሚያልፈው ዘይት ግን ከትኩሱ ያነሰ ነው።

ኢ46 ተብሎ የሚታወቀው ቢኤምደብሊው ኤም3 ይህን በዓይን ያሳያል። የዙር መቁጠሪያው ዙሪያ ከቀይ መስመሩ በታች ብርቱካናማ መብራቶች ተደርድረዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይበራሉ፤ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ተራ በተራ እየጠፉ ነጂው የሚፈቀድለትን ዙር ያሰፉለታል። እንዲህ ያለ መብራት የሌለው መኪና ነጂም ሕጉን ሊይዝ ይችላል፦ የራዲያተሩ ውኃ ከዘይቱ ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ የውኃው መርፌ መሐል ከደረሰ በኋላም ጥቂት ኪሎ ሜትር ረጋ ብሎ መንዳት ነው።

ዘይቱ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሜካኒኮችና የውድድር ሰዎች የሚጠቀሙበት የቆየ የግምት ልክ አለ፤ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ። የአምራቹ መጽሐፍ ሌላ ካለ የሚሠራው የአምራቹ ነው። ከሁለቱም የሚበልጠው ግን የራስ መኪና ታሪክ ነው። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሚኒሞ ላይና በ3000 ዙር፣ መርፌው የት እንደሚቆም አንድ ጊዜ ጽፈው ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ሙቀትና በዚያው ዙር ንባቡ ከወረደ የሆነ ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

ጣሳው ላይ ያሉት ቁጥሮች

10ደብሊው-40 በሚለው ጽሑፍ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው። 0ደብሊው በ35፣ 5ደብሊው በ30፣ 10ደብሊው በ25፣ 15ደብሊው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሞተሩ ሳይቸገር መነሣት እንዲችል ይፈተናል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ስላለው ውፍረት ይናገራል፦ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 የሚባለው እስከ 16.3፣ 50 የሚባለው እስከ 21.9፣ 60 የሚባለው እስከ 26.1 ሴንቲስቶክስ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ሌላ ቁጥር አለ። በቤሪንጉ ውስጥ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በሚንሸራተቱት ገጾች መካከልም በከፍተኛ ፍጥነት ይጎተታል። ለዚህ ሲባል በ150 ዲግሪ እንዲህ እየተጎተተ ሳለ የሚለካ ውፍረት አለ፤ ኤችቲኤችኤስ ይባላል። የ20 ክፍል ዘይት ቢያንስ 2.6፣ የ30 ቢያንስ 2.9፣ የ5ደብሊው-40 ቢያንስ 3.5 ሊኖረው ይገባል። ሁለት 30 ዘይቶች በጣሳቸው አንድ ቢመስሉም አንዱ 3.0 ሌላው 3.5 ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ አምራቾች የራሳቸውን ፈቃድ የሚሰጡት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ፖርሼ ኤ40፣ ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-01፣ መርሴዲስ 229.5 የሚሉት ጽሑፎች ዘይቱ በአምራቹ ፈተና ማለፉን ይናገራሉ። ጣሳው ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈው ይህ መስመር ፊት ለፊት በትልቁ ከተጻፈው ማስታወቂያ ይበልጣል።

ኃይለኛ ሞተር ወፍራም ዘይት ይፈልጋል?

ሁለት መኪናዎችን እናነጻጽር። ኢ46 ኤም3 3.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ እስከ 8000 ዙር የሚሄድ ሞተር አለው፤ ቢኤምደብሊው ያዘዘለት 10ደብሊው-60 ነው። በ1999 የወጣው ሆንዳ ኤስ2000 ደግሞ በ2.0 ሊትር ሞተሩ እስከ 9000 ዙር ይሄዳል፤ ሆንዳ በአሜሪካ ያዘዘለት 10ደብሊው-30 ነው። ይበልጥ የሚጮኸው ሞተር ይበልጥ ቀጭን ዘይት ይጠጣል።

ስለዚህ «ስፖርት መኪና ስለሆነ ወፍራም አድርግበት» የሚለው ምክር መሠረት የለውም። የቤሪንጉ ክፍተት፣ ጭነቱ፣ የፓምፑ አቅም፣ ዘይቱ ይደርስበታል ተብሎ የታሰበው ሙቀት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሰልተው አንድ ውፍረት ይመረጣል። 60 ለሚለው ሞተር 30 መስጠት የዘይቱን ሽፋን ያሳሳዋል። 30 ለሚለው 60 መስጠት ደግሞ መርፌውን ያስደስታል፤ ነገር ግን ፍሰቱን ይቀንሳል፣ ሰበቃው ዘይቱን ራሱን ያሞቃል፣ ነዳጅም ይበላል።

ወደ ወፍራም መሄድ የሚያስኬድ አንድ ሁኔታ አለ፦ የዘይቱ እውነተኛ ሙቀት አምራቹ ለመደበኛ መንገድ ካሰበው ሲያልፍ ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ለግማሽ ሰዓት የተነዳ መኪና ዘይቱ 130 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሙቀት የ40 ዘይት ውፍረት፣ የ20 ዘይት በ100 ዲግሪ ካለው ጋር ይቀራረባል። ብዙ የስፖርት መኪና መጽሐፎች ለከባድ አነዳድ አንድ ደረጃ የወፈረ ዘይት የሚፈቅዱት በዚህ ስሌት ነው። ሙቀቱ በየጊዜው ከዚህ የሚያልፍ ከሆነ ግን መፍትሔው የዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር መግጠም ነው፤ ዘይት ማወፈር ምክንያቱን አያነሣውም።

አየሩና መንገዱ

በአዲስ አበባ ጠዋት ቢበርድም ከዜሮ በታች እምብዛም አይወርድም፤ የብርዱ ቁጥር 10 ወይም 15 መሆኑ መነሣትን አያከብደውም። ሚኒሶታ ያለ ወገናችን ግን ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሊጠብቀው ስለሚችል 0 ወይም 5 ያስፈልገዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላለ ሰው የብርዱ ቁጥር ከቁም ነገር አይገባም፤ ማየት ያለበት የሙቀቱን ቁጥርና የዘይቱን ሙቀት ነው። በሁሉም ቦታ መነሻው የአምራቹ መጽሐፍ ነው።

የስፖርት መኪና ሌላ ፈተናም አለበት። በረጅም ኩርባ በፍጥነት ሲታጠፍ ቋት ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የፓምፑ መሳቢያ አፍ ለቅጽበት አየር ይስባል። ግፊቱ ኩርባው ላይ ወርዶ ቀጥታው ላይ ከተመለሰ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ወፍራም ዘይት ይህን አይፈታም። ዘይቱን የላይኛው ምልክት አጠገብ መያዝና ቋቱ ውስጥ መከለያ ማስገጠም ይረዳሉ። ፖርሼ 911ን ከመነሻው፣ ሸቭሮሌ ደግሞ የ2006ቱን ኮርቬት ዚ06 ዘይታቸውን በተለየ ታንክ እንዲይዙ ያደረጉት ከኩርባ ላይ ችግር ለመገላገል ጭምር ነው።

መርፌው ሲወርድ

ቀዩ የዘይት መብራት በመንገድ ላይ ቢበራ መኪናውን ወዲያው ዳር አስይዞ ማጥፋት ነው። መብራቱን የሚያበራው ስዊች ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲሆን ስለሚነቃ፣ ሲበራ ነገሩ አብቅቷል ለማለት ትንሽ የቀረው ነው። «ጋራዥ እስክደርስ» የሚለው ጥቂት ኪሎ ሜትር የዘይት መሙያ ዋጋን ወደ ሞተር መቀየሪያ ዋጋ ያሳድገዋል።

ንባቡ ቀስ በቀስ የወረደ እንደሆነ ግን በቅደም ተከተል መሄድ ያዋጣል። መጀመሪያ በመለኪያ ዘንጉ የዘይቱን መጠን ይዩ፤ ያሽትቱትም፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ዘይት በነዳጅ ቀጥኗል። ቀጥሎ ሴንሰሩን አስፈትቶ በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ማስገጠም ነው፤ ሴንሰር ርካሽና ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ ሞተር ከመክፈት በፊት ይጣራ። ሜካኒካሉም ዝቅተኛ ካሳየ አሮጌውን ፊልትሮ አስቆርጠው ወረቀቱን በብርሃን ይዩት። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ ቤሪንጉ እየተበላ ነው፤ ሞተሩ ይከፈት። ንጹሕ ከሆነ አዲስ ዘይት በታዘዘው ውፍረትና ፈቃድ ይሞላና በዚያው ሙቀትና ዙር እንደገና ይለካ።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፤ የወረደውን መርፌ በወፍራም ዘይት ማንሣት። መርፌው በርግጥም ይነሣል። የተበላው ቤሪንግ ግን እንደተበላ ነው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ሞተሩ ችግሩን የሚናገርበት መንገድ መደፈኑ ነው። ለተለካ ሙቀት ዘይት ይወፍራል፤ ለወረደ መርፌ ግን ምክንያቱ ይፈለግለታል።