ስለ ተለማጭ ሰው ሠራሽ ጥርስ

አንድ ጥርስ ወልቆ ቦታው ባዶ በቀረ ጊዜ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ትይዩውም ጥርስ እየገፋ ይረዝማል። ከዚህ የተነሣ ማኘክ ያስቸግራል። ስለዚህ የወለቀውን ጥርስ መተካት ለመልክ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከመተኪያዎቹ አንዱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከናይሎን የሚሠራው፣ የሚወልቅና የሚጠለቅ ተለማጭ ጥርስ ነው። መያዣው የድድ መልክ ስላለው እንደ ብረት አይታይም፤ ቀላል በመሆኑም አፍን አይከብድም። ጥቂት ጥርስ ለጎደለውና ብረት ለማይስማማው ሰው ይረዳል።

ነገር ግን ምቾቱ ብቻ እንዳያታልል እናሳስባለን። ተለማጭ በመሆኑ የማኘኩ ኃይል በይበልጥ በድዱ ላይ ያርፋል፤ ከጊዜ በኋላም ድዱንና ከሥሩ ያለውን አጥንት ሊጎዳ ይችላል። ቢሰበር መጠገኑ፣ ሌላ ጥርስ ቢወልቅም በላዩ መጨመሩ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት፣ የቀሩት ጥርሶች ይህን ለመሸከም ይችሉ እንደሆነና የተበላሸው ሊጠገን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን እንዲጠይቁ እንመክራለን።

ጥርሱን ያደረገ ሰው ከምግብ በኋላ አውልቆ ይጠበው። የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ ጠንካራ ብሩሽም ያሻክረውና እድፍ እንዲይዝ ያደርገዋል። ማታ አውልቆ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድረው፤ ዘወትር አፍ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ድዱ ይቀላል፣ ይቆጣልም። የተፈጥሮ ጥርሶቹንም በየቀኑ መቦረሽ አይተው፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ ጸንቶ የሚቆየው በእነርሱ ነውና።