ሲሄዱ ዘጠኝ፣ ሲመለሱ ሃያ?

(ሽማግሌው የበረራ ዕቅድ ሲያወጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ወጣቷ የእናቷን የዋሽንግተን ቲኬት ይዛ መጥታለች።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ይቺ ቲኬት ግራ አጋብታኛለች። እማዬ ከቦሌ 22:30 ተነሥታ በማግስቱ 07:30 የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ትደርሳለች ይላል፤ 9 ሰዓት ማለት ነው። ስትመለስ ግን 11:00 ተነሥታ በማግስቱ 07:00 ቦሌ፣ 20 ሰዓት! መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?

ሽማግሌው፦ መንገዱስ አንድ ነው፣ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር። ሰዓቱ ግን የሁለት አገር ነው፤ መነሻው በኛ፣ መድረሻው በነሱ። አሁን በሰኔ ከኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እስቲ መድረሻውን ወደኛ መልሺው።

ወጣቷ፦ 07:30 ላይ 7 ስጨምር 14:30። 16 ሰዓት ሆነ!

ሽማግሌው፦ ጎሽ! መመለሻውም፣ የነሱ 11:00 የኛ 18:00 ነው፤ እስከ ንጋት 13 ሰዓት።

ወጣቷ፦ አሁንም 3 ሰዓት ይለያያል።

ሽማግሌው፦ እሱ የእውነት ልዩነት ነው። ሲሄዱ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ይታረፋል፤ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነበር።

ወጣቷ፦ ሲመለሱስ ለምን አይታረፍም?

ሽማግሌው፦ ይሄን ብዙ መንገደኛ አያውቀውም፣ ማወቅ ግን ይገባዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን እንደ ቆላው አየር አይደግፍም፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛና ጭነት የያዘ አውሮፕላን እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። ደለስ ከ100 ሜትር በታች ነው፤ እዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሣል። ነፋሱም አለ። በበረራ ከፍታ ላይ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ወጣቷ፦ ኪሎ ሜትሩን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ900 ባካፍለውስ?

ሽማግሌው፦ ወደ 13 ሰዓት ይሰጥሻል። ግን 900ው በአየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ፣ በመሬቱ ላይ የምትሄጂው 800 ብቻ ነው፤ 14 ሰዓት ተኩል ገባ።

ወጣቷ፦ ደብሊን ራሱ ዙሪያ ጥምጥም አይደለም? ካርታው ላይ በሰሐራ በኩል ቀጥ ማለት ነው የሚሻለው።

ሽማግሌው፦ ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሪ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል ይወጣል፤ አትላንቲክ መሃል ላይ ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ይደርስና ይወርዳል። ዋሽንግተን ራሷ እኮ 39 ላይ ናት። በደብሊን ቢዞር 11,830 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጭማሪው የ20 ደቂቃ በረራ አይሞላም። ጊዜ የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሣቱ ነው።

ወጣቷ፦ በኅዳር ብትሄድስ?

ሽማግሌው፦ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም።

ወጣቷ፦ ወንድሜ ስንት ሰዓት ላይ ይቀበላት?

ሽማግሌው፦ ቲኬቱ ላይ እንዳለው፣ በነሱ አቆጣጠር 7:30 ታርፋለች በዪው። በኛ አነጋገር 1:30 ብለሽ እንዳትልኪለት፣ እኩለ ሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል። ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣም ጊዜ ይተውላት። ስልኳንም ቻርጅ አድርጊላት፣ እንደወረደች ትደውልለት።