ዝክሩን ያልቀመሰ ወንድም

መንፈሳዊ ትዕቢት ማለት ሰው ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ጸጋ በሌላው ላይ መመኪያ ማድረጉ ሲሆን፣ ከሌላው ትዕቢት የሚለየው በሀብትና በሥልጣን ሳይሆን በጾም፣ በጸሎትና በቀና እምነት መመገቡ ነው። ለዚህ አምድ የተላከው ደብዳቤም ይህንኑ ይመለከታል። የጠያቂዋ ታናሽ ወንድም ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወጥቶ ወደ አንድ የወንጌላውያን ኅብረት ከገባ ወዲህ፣ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን የሚያዘጋጁትን የቅዱስ ሚካኤል ዝክር መቅመስ ትቷል፤ ባለፈው ኅዳር ደግሞ እናቱን በእንግዶች ፊት «አልዳንሽም» ብሏቸዋል። ጠያቂዋ ከእንግዲህ ከቤት እንዳይደርስ ቢደረግ ተገቢ ይሆን እንደ ሆነ ጠይቀዋል።

በወንድምየው ድርጊት ውስጥ ተለይተው መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በቅዱስ ስም ከተዘጋጀ ማዕድ አለመብላት የኅሊና ጉዳይ ነው፤ እናትን «አልዳንሽም» ማለት ግን የፈራጁን ወንበር መያዝ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 14ኛ ምዕራፍ ስለ መብል የተለያዩትን ሲመክር፣ የሚበላው ፈተና ንቀት፣ የማይበላው ፈተና ደግሞ ፍርድ መሆኑን ለይቶ አሳይቷል፤ ማንኛቸውንም ግን ከማዕዱ አላስወጣም።

ይህ የመንፈሳዊ ትዕቢት ደዌ ሃይማኖታቸው የተበላሸ ሰዎች ብቻ ደዌ አለመሆኑን የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል። ቄሣር ዳክዮስ እ.ኤ.አ. በ250 ዓ.ም. ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች በፍርሃት ወደቁ፤ መከራው ጋብ ሲል የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ንስሐ የገቡትን ቢቀበል፣ ቀሲስ ኖቫትያኖስ እ.ኤ.አ. በ251 ዓ.ም. ተቃውሞ ራሱን በተቀናቃኝነት ጳጳስ አሾመ፤ ተከታዮቹም ራሳቸውን «ንጹሓን» ብለው ጠሩ። ኖቫትያኖስን ያስወገዘው መለያየቱ እንጂ ስለ ሥላሴ ያስተማረው ትምህርት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት፣ ማለትም 318ቱ አባቶች፣ በ8ኛው ቀኖናቸው ከእነዚህ ወገኖች ለሚመለሱ ካህናት ያቀረቡት ግዴታ ልብ ይነካል፤ ወድቀው ንስሐ ከገቡትና ሁለተኛ ጋብቻ ከፈጸሙት ጋር ኅብረት እንደሚኖራቸው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ነበር። ከተመላሹ የተጠየቀው የናቀውን ሰው እንደ ወንድም መቀበል ነው።

ደብዳቤው ራሱም በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። ጠያቂዋ ወንድማቸውን ሦስት ጊዜ «መናፍቅ»፣ ሁለት ጊዜ «ያ የጠፋ ልጅ» ብለውታል፤ ስሙን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፉም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በአንድነት መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው በቤተ ክርስቲያናቸው የሚነበቡት፣ ጾመኛውና ጸሎተኛው በራሱ ልብ ላይ እንዲነቃ ነው። ወንድምየው በፍርድ የበደለውን ያህል ቤቱም በንቀት በድሎታል፤ ይህን ማለት ለጠያቂዋ መራራ ቢሆንም መሸፋፈኑ አይጠቅማቸውም።

ስለዚህ ወንድምየውን ማራቅ አይገባም። ዝክሩን እንዲቀምስ አይገደድ፤ ዝክር በሌለበት ቀን ስለ ሃይማኖት ክርክር የማይነሣበት ምሳ ይዘጋጅለት። በእንግዶች ፊት ስለ ተናገረው ቃል ግን ለብቻው ተጠርቶ ይነገረው፤ እናቱን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ስላሳፈራቸው እንጂ ስለ እምነቱ አለመሆኑም በግልጽ ይለይለት። የኅብረቱ መሪዎች ከእናቱ እንዲለይ አዝዘውት ከሆነ ነገሩ ከኅሊና ወሰን አልፏል፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው በሚል ሰበብ ወላጅን መጦር የተዉትን ጌታ ራሱ በማርቆስ ወንጌል 7ኛ ምዕራፍ ገሥጿቸዋልና፣ ይህን እርሱም የሚያምንበትን መጽሐፍ ከፍተው በእርጋታ ያሳዩት።

ጠያቂዋ የሚቀጥለውን ኅዳር ሳይጠብቁ፣ በደብዳቤያቸው ያልጻፉትን ስሙን ጠርተው በዚህ ሳምንት ይደውሉለት።