ልሽሽ ወይስ ልቀበል? ለነርሷ እህቴ የተሰጠ መልስ

 

ይህን ስታነቡ ብዙዎቻችሁ ከመስጊድ ተመልሳችኋል። አንዳንዶቻችሁ ግን ዛሬ ኹጥባ አልሰማችሁም፤ ጋዋን ለብሳችሁ የታማሚ አልጋ አጠገብ ነበራችሁ። የዛሬው ትምህርት በተለይ የእናንተ ነው።

መነሻዬ አሶሳ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጠቅስም፤ ጥያቄዋን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። በነርስነት ከተመረቀች አምስት ዓመቷ ነው። በቅርቡ የክፍሏ ኃላፊ እንድትሆን ተጠየቀች፤ በዚያው ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪ መወዳደር እንደምትችል ተነገራት። አባቷ ደስ አላላቸውም። የሌሊት ተራው፣ ወንድ ታማሚ መንካቱ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ድረስ ሄዶ መማሩ፣ ሁሉም ከበዳቸው። የእሷ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። «ኡስታዝ፣ ሹመት በቂያማ ቀን ያስጠይቃል ሲባል እሰማለሁ። ብሸሽ አይሻለኝም?» ትላለች።

መልሱ ስለረዘመ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ ማስታመም በዲናችን ምን ቦታ እንዳለው እንይ። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሱናን በመከተል የታወቁ ሰሃባ ናቸው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ጁምዓ ቀን ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) መታመማቸው ተነገራቸው። ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ ሶላቱ ተቃርቧል። ኢብኑ ዑመር ተነስተው ወደ ታማሚው ሄዱ፤ ጁምዓን ተዉ። ዑለማዎችም ጥሎት ቢሄድ የሚጎዳ ታማሚ የያዘ ሰው ከጁምዓ መቅረት ዑዝር አለው፣ ዙህርን ይሰግዳል ብለዋል። (ለእህቶች ጁምዓ ግዴታ ስላልሆነ ይህ በተለይ ተረኛ ለሆናችሁ ወንድሞች ነው።)

ከዚህ የሚበልጠኝ ግን የዑስማን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በበድር ጊዜ ባለቤታቸው ሩቀያ፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ፣ ታመው ነበር። ረሱልም ዑስማንን መዲና ቀርተው እንዲያስታምሟቸው አዘዟቸው፤ በበድር የተገኘ ሰው የሚያገኘውን አጅርም ድርሻም እንደሚያገኙ ነገሯቸው። አስተውሉ፦ ሩቀያ አልዳኑም። የድሉ ዜና መዲና ሲደርስ ሰዎቹ ገና ከቀብራቸው ላይ ነበሩ። የዑስማን አጅር ግን አልጎደለም። ታማሚ እጁ ላይ ያረፈበት ነርስ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ያንብበው። ነርስነት የሴት ሥራ ነው እያላችሁ የክፍል ጓደኛችሁን የምታሾፉበት ወንድሞችም አንድ ጊዜ አንብቡት።

ሴቶቹማ ብዙ ናቸው። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ ከረሱል ጋር ዘምተው ውኃ ያጠጡ፣ ቁስለኛ ያክሙ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ኡሙ ዐጢያ በሰባት ዘመቻዎች ታማሚ አስታመዋል። ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን፣ ረሱልን በልጅነታቸው ያሳደጉት እናት፣ በኡሑድ ቁስለኞች መሐል ነበሩ። የሩፈይዳ ድንኳን ደግሞ መስጊዱ ውስጥ ነበር፤ በኸንደቅ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ወደዚያ ተወሰዱ። የሲራ መጻሕፍት የሚሉት ይህን ያህል ነው። በፌስቡክ የሚዞረውን «የዓለም የመጀመሪያ የነርሶች ትምህርት ቤት» የሚል ጭማሪ ተዉት። እውነቱ ያለ ጭማሪም ይበቃል።

ስለ ትምህርት ከሆነ ሺፋእ ቢንት ዐብደላህን አንሱ። ሺፋእ መጻፍም ያውቁ ነበር፣ ነምላ የሚባለውን የቆዳ ሕመም በሩቅያ ማከምም ያውቁ ነበር። ረሱል ለሐፍሷ መጻፍን እንዳስተማሯት ይህንንም እንዲያስተምሯት ነገሯቸው። ብዕርና ሕክምና በአንዲት ሴት እጅ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፉ ማለት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የያዘች ነርስ ሥራዋ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ታማሚ ትረዳለች፣ ተማሪ ታስተምራለች፣ የምታየውን ጽፋ ለሌላው ታስተላልፋለች።

አሁን ወደ አባትየው ስጋት። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ ሐያእ ከኢማን ነው። ነገር ግን ክልላችንን እናውቀዋለን። ከባምባሲ፣ ከመንጌ፣ ከሆሞሻ የምትመጣ እናት ወንድ እንዲያያት አትፈልግም፤ ባሏም አይፈልግም። ዑለማዎችም ሴትን መጀመሪያ ሴት ትከማት፣ ካልተገኘች ግን በዶሩራ መጠን ወንድ ይከማት ይላሉ። ታዲያ «ሴት ባለሙያ የለም» ብለን በር ላይ የምንቆጣው እኛ፣ ሴት ልጃችንን ደግሞ አትማሪ የምንለውም እኛ ከሆንን፣ ያቺ ሴት ባለሙያ ከየት ትምጣ? ይህ ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የሚበቃ ሰው ካልተገኘ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። አሶሳ በ2004 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ በሩ ለሴት ልጆቻችንም ተከፍቷል። ስለ መንገድና ስለ ማደሪያ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ከማን ጋር እንደምትሄድና የት እንደምታድር በሚገባ መነጋገር ነው።

የእህታችን ዋና ጥያቄ ግን ስለ ሹመት ነበር። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት ሲጠይቁ ረሱል ትከሻቸውን መታ አድርገው አንተ ለዚህ ደካማ ነህ፣ ይህ አማና ነው አሏቸው፤ ሐቁን ለተወጣ ካልሆነ በቀር የቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት መሆኑንም ነገሯቸው። እህቴ የሰማችው ይህን ነው። በሌላ በኩል ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤት ራሳቸው ጠየቁ፤ የጠቀሱትም ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ጠባቂነታቸውንና አዋቂነታቸውን። ዘራቸውን አልጠሩም፣ ስንት ዓመት እንደታሰሩ አላነሱም። ስለዚህ እህቴ፣ «ልሽሽ ወይ?» ከማለትሽ በፊት «እጠብቃለሁ ወይ? አውቃለሁ ወይ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ በራሴ ላይ የደረሰ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል አክስቴን ሳስታምም ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ነበር። ማንም መጥቶ ሙቀቷን አልለካም። ጠዋት ርክክብ ሲደርስ ነርሷ ቻርቱን አንስታ የሌሊቱን ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ ሞላችው፤ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት። ቁጥሮቹ ያማሩ ነበሩ። ሐኪሙም አይቶ ደህና አድራለች አለ። አክስቴ ግን ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ ነበር ያደረችው።

ገበያ ላይ ረሱል እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሲያገኙ ሻጩን ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ፤ የሚያታልል ከእኛ አይደለም። ያ ቻርት ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ነበር።

ያኔ በነርሷ በጣም ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያን ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። መሬት ላይ የተኙትን ጨምሮ ስንት ሰው እንደነበር አልቆጠርኩም፤ መራመጃ አልነበረም። ውሸቱ የእሷ ነው፣ ትጠየቅበታለች። ግን ብቻዋን እንድታድር ተራውን ያወጣው ማን ነው? ባልተለካ ቁጥር የተሞላ ቻርት በየጠዋቱ እያየ ዝም ያለው ማን ነው? ሹመት አማና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የምትወዳትን ልጅ ቀን፣ የማትወዳትን ሌሊት የምትመድብ ኃላፊ ዙልም እየሠራች ነው፤ ሰው ሲያንሳት «አልለካንም» ብሎ መጻፍን የምትፈቅድና ወረቀቱን ይዛ ሰው ለመጠየቅ ወደ አለቃ የምትሄድ ኃላፊ ግን አማናዋን እየጠበቀች ነው።

ማወቁ ደግሞ በሁለተኛ ዲግሪ ይጠናከራል፤ የሕመም አያያዝ ብቻ ሳይሆን ጥናት ማንበብ፣ መመዘን፣ ሰው ማስተባበር ይማሩበታል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። የመመረቂያ ጽሑፉን ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጽፍ ሰው እርጥቡን እህል እየሸጠ ነው፣ በዚያ ዲግሪ የሚያገኘውን ደመወዝም ያስብበት። ለጥናት የምትጠይቋት ሴትም «አልፈልግም» ማለት እንደምትችል በሚገባት ቋንቋ ይነገራት።

የቋንቋ ነገር አሶሳ ላይ ቀላል አይደለም። የበርታ ቋንቋ፣ አረብኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ በአንድ ተራ ወረፋ ላይ ይሰማሉ። ሸርቆሌ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችን ያስጠልላል፤ ባምባሲም አለ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ገቡ። በመተከልና በካማሺ ያየነውን ደምም አልረሳነውም። ወገኑን የገደለበት ሰው ዘመድ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲያገኘው ነርሱ ምን ያደርጋል? ሱረቱል ማኢዳ ሕዝብን መጥላት ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘዘን ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ቁስሉን እንደ ወንድም ቁስል ማጠብ። ተማሪዎችም መርፌ መውጋት ሲለማመዱ ቋንቋ የማይችለውን ስደተኛ እየመረጡ ከሆነ፣ አስተማሪዋ ናት የምታስቆማቸው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ዕቅዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ራሕመትንና ኢሕሳንን እናስባለን፤ ክርስቲያን ባልደረቦቻችን ደግሞ በራሳቸው ቃል ይረዱታል። ከአሶሳ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፍባት ነቀምት በ1934 ዓ.ም. ያረፉት ልዕልት ፀሐይ የንጉሥ ልጅ ሆነው ለንደን ነርስነት ተምረዋል። መልካም ሥራን ከማንም ብናይ እናከብራለን።

ስለዚህ እህቴ፣ ኃላፊነቱን ተቀበዪ፤ ቅጹንም ሙዪ። ኢስቲኻራ ስገጂ። የመጀመሪያውን የተራ ሠንጠረዥ ስታወጪ የጁምዓን ቀትር ክርስቲያን ባልደረቦችሽ እንዲይዙት ጠይቂ፤ የእሑድን ጠዋትና የገናን ሌሊት እናንተ ያዙላቸው። አባትሽን ደግሞ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ነገ ከዐስር በኋላ ቤት ካሉ ላኪብኝ፣ እመጣለሁ።