2.0ን ታኅሣሥ ላይ አትልቀቅ

እስኪ ወንበርህን ትንሽ ሳብ አድርግልኝ፣ ስክሪኑ ይታየኝ። ኮዱን ተወው፤ የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ያለበትን ፋይል ክፈት። ሁለተኛዋ መስመር ላይ «ጃንጎ >= 4.2» ብለህ ጽፈሃል። ወለል አበጅተህለታል፣ ጣሪያ ግን የለውም።

ይህች መስመር ምን እንደምታመጣ ልንገርህ። እዚህ ነቀምት ያለው ኮምፒዩተርህ ፓይተን 3.12 ስላለው ስትጭን ጃንጎ 6.0ን ያወርዳል። ነጆ ያለው ቡና አቅራቢ ደንበኛህ ግን ዊንዶውስ 7 ነው ያለው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ 3.8ን የሚቀበለው የመጨረሻው ጃንጎ ደግሞ 4.2። በአንድ ቀን፣ በአንድ ፋይል፣ ሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ነገር ጫንክ ማለት ነው። ከጃንጎው ታይምዞን ውስጥ የወሰድካት «ዩቲሲ» የምትባል ስም አለች አይደል? 4.1 ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣባት፣ 4.2 ላይ አለች፣ 5.0 ላይ ተነሣች። ነጆ ላይ ደረሰኝ ይወጣል፤ እዚህ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይከፈትም። ሌሊቱን ሙሉ የራስህን ኮድ ስትመረምር ታድራለህ፣ ጥፋቱ ግን እዚያች መስመር ላይ ነው።

የጃንጎ ሰዎች እንደ መጣላቸው አይቀይሩም፣ ደንብ አላቸው። በየስምንት ወሩ አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፤ ነጥብ ዜሮው ዲሴምበር፣ ነጥብ አንዱ ኦገስት፣ ነጥብ ሁለቱ ኤፕሪል ላይ። ነጥብ ሁለቱ ሦስት ዓመት ይጠገናል። 4.2 እስከ ኤፕሪል 2026፣ 5.2 እስከ ኤፕሪል 2028። አንድን ነገር ሊያነሡ ሲሉ አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ፣ በዚያው ዋና ቁጥር ውስጥም አይነኩትም። የሚያነሡት በሚቀጥለው ዋና ቁጥር ነጥብ ዜሮ ላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የወጣው ነጥብ ሁለት ላይ ከሆነ ደግሞ በነጥብ አንዱ። ስለዚህ ምን መቼ እንደሚሰበርብህ ከዓመት በፊት ማወቅ ትችላለህ። ቴስትህን ስታስኬድ ማስጠንቀቂያዎቹ እንዲታዩ አድርግ፤ እስካሁን ደብቀሃቸው ነው የኖርከው።

አሁን ይህን ከእኛ አገር ወራት ጋር አስተያየው። ዲሴምበር ማለት የኅዳር ማለቂያና ታኅሣሥ ነው። በጊምቢም በነጆም በደምቢ ዶሎም ገበሬው ቡናውን የሚለቅምበትና የሚያደርቅበት ወቅት። ነጥብ ዜሮ ሲወጣ አዲስ ነው ብለህ ያን ጊዜ ደንበኛ ላይ ከጫንክ፣ የምትጫወተው በሰው የዓመት ገቢ ነው። እኔ አድርጌዋለሁ። ስሙን አልጠራልህም፣ አንድ መግዣ ቦታ ላይ ታኅሣሥ ውስጥ «ትንሽ አፕዴት ነው» ብዬ ጫንኩ። ጠዋት ስደርስ ጀንፈል የሞላው ማዳበሪያ ከሚዛኑ እስከ በሩ ተደርድሯል፤ ጸሐፊዋ በካርቦን ደረሰኝ በእጇ ትጽፋለች፤ አንድ ሽማግሌ በአህያ የመጡ አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኛል። ያ ዝምታ ዛሬም አይረሳኝም።

ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መጠገን ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እዚህ ነቀምትን ጨምሮ በወለጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰው መጋቢት ላይ ነው። አስበው፣ ጥገናው የቆመው እዚህ ማንም ኢንተርኔት ላይ ሊያነብበው በማይችልበት ሰሞን ነው። ስለዚህ «ኦንላይን ይታደሳል» የምትለውን እቅድ እርሳው። የምትለቀው ነገር በፍላሽ ተጭኖ ሚኒባስ ላይ ወጥቶ ደምቢ ዶሎ ገብቶ ያለ ኢንተርኔት የሚጫን ይሁን። ላይብረሪዎቹን በሙሉ ከነትክክለኛ ቁጥራቸው አብረህ ጠቅልላቸው።

አሁን የቡናው ግርግር በረድ ብሏል፣ ጊዜው ያንተ ነው። መጀመሪያ መስመሯን «ከ4.2 ጀምሮ፣ ከ5.0 በታች» አድርጋት። አሁን ያለው የፕሮግራምህ ቨርዥን 1.6 እንዲህ ይቆይ። ከዚያ 1.7ን ሥራ፤ እሷ 4.2ም ላይ 5.2ም ላይ የምትሄድ ድልድይ ትሁን፣ ጣሪያዋን ያኔ ከ6.0 በታች ታደርገዋለህ። 6.0 አያጓጓህ፣ የሦስት ዓመቱ ጥገና ያለው 5.2 ላይ ነው። 4.2ን የምትተወው 2.0 ላይ ነው፤ እሱን ነሐሴ ውስጥ ልቀቀው፣ ቡናው ሳይደርስ ሁለት ወር የመፈተሻ ጊዜ ይኖርሃል። ዋና ቁጥርህን የምትቀይረው አዲስ ገጽ ስለጨመርክ አይደለም፤ ደንበኛው ማሽኑን ወይም ዳታቤዙን መለወጥ ሲኖርበት ነው። ዳታቤዙን ፖስትግሬስንም እንዳትረሳ፣ 5.2 ከ14 በታች አይቀበልም።

ለነጆው ሰውዬ እውነቱን ንገረው። 1.7 ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ከኤፕሪል 2026 በኋላ ግን 4.2 ላይ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት የለም፤ እስከ ክረምት ኮምፒዩተር ይግዛ። አሁን ከነገርከው ከዘንድሮው የቡና ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ሐምሌ ላይ ብትነግረው ከየት ያመጣል?

የደምቢ ዶሎው ደንበኛህስ ዊንዶውስ ስንት ነው? አታውቅም አይደል። በል ስልኩን አንሣና አሁኑኑ ጠይቀው፣ ሱቁን ሳይዘጋ።