ዝም ያለ ጋዜጣ ምን ያህል ሰው ይገድላል?

ስለ ጋዜጠኞች ውሸት ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሬ ወለደ ዓይነቱን ወሬ ነው። ያልሆነውን ሆነ፣ የተሸነፈውን አሸነፈ ማለት። ይህ ዓይነቱ ውሸት ግን ውሎ አድሮ ይጋለጣል፤ ተጽፎ የተቀመጠ ቃል ስላለ ያንኑ ይዞ መሟገት ይቻላል። ለመያዝ የሚያስቸግረው ሌላኛው ነው፤ ይኸውም መነገር ያለበትን ሳይናገሩ ማለፍ ነው። ያልተጻፈ ነገር ማስረጃ አይተውም። ዝም ያለው ጋዜጠኛም «እኔ ምን አልኩ?» ብሎ እጁን መታጠብ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው። ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ አንሄድም፤ ወሎ ይበቃናል።

በ1964 ዓ.ም. ክረምት የወሎ ዝናብ አነሰ፤ በ1965 የበልጉ ዝናብም ቀረ። ገበሬው ከብቱን ሸጦ ጨረሰና በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ጀመር። በእግሩ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ አንድ ሺህ ያህል ሕዝብ ወደመጣበት እንዲመለስ ተደረገ። ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የአፋር አርብቶ አደር ነበር፤ በድርቅ ጊዜ ከብቱን ያሳርፍበት የነበረው የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶበታል። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። እንግዲህ ሾፌሩ አይቷል፣ ነጋዴው አይቷል፣ ባለሥልጣኑ አይቷል፣ ተማሪው አይቷል። ያላየ የመሰለው ጋዜጣው ብቻ ነበር።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት 41ኛ አንቀጽ የንግግርና የጽሑፍ ነፃነት በሕጉ መሠረት የተጠበቀ ነው ተብሎ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ጋዜጦቹም ሬዲዮውም የመንግሥት ነበሩ፤ የሚወጣው ሁሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሳንሱር ዓይን ሥር ያልፍ ነበር። ጉብኝት፣ ሹመትና ምረቃ ዜና ሆኖ ሲወጣ በወሎ ከ40,000 እስከ 200,000 በሚገመት ሕዝብ አለቀ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ዝምታ በትእዛዝ ብቻ የመጣ ነውን? ሳንሱር የተባለው ሰውዬ ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት የሚሠራ ሌላ ሳንሱር አለ፤ እርሱም በጸሐፊው ልብ ውስጥ የተቀመጠው ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን በሽታ ከብዙ ዘመን በፊት ለይተው አውቀውታል። ጊያስ ኢብን ኢብራሂም የተባለ ሐዲስ ተራኪ ወደ ዓባሲው ኸሊፋ ወደ አል-መህዲ ይገባል። ኸሊፋው እርግብ ማብረር ይወዱ ነበር። ሰውየው የፈረስ፣ የግመልና የቀስት ውድድርን የሚፈቅደውን የታወቀ ሐዲስ ጠቅሶ አንድ ቃል ብቻ ይጨምርበታል፤ «ክንፍ» የሚል። ኸሊፋው አሥር ሺህ ዲርሃም ሰጥተው ካሰናበቱት በኋላ ማጅራቱ የውሸታም ማጅራት መሆኑን መሰከሩ፤ ለውሸቱ ምክንያት የሆኑትን እርግቦችም አሳረዱ። ልብ እንበል፤ ጊያስን ዋሽ ያለው ማንም የለም። የተመለከተው የጌታውን ፊት ነው። በዚያ ዘመን የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ተራኪውን፣ ከማን እንደ ሰማና ከማን ደጅ እንደሚውል ጭምር የሚመረምሩት ለዚህ ነበር። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ የሚያመጣን ሰው አጣርተን እንድንቀበል የታዘዝነው ሰዎች ላይ ሳናውቅ ጉዳት እንዳናደርስ ነው። ጉዳት የሚደርሰው ግን በሐሰት ወሬ ብቻ ሳይሆን በተቀበረ እውነትም መሆኑን የወሎ ታሪክ ያስረዳናል።

ወደ ወሎ እንመለስ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ሁሉ ሰማ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ፊልሙን ያየው ግን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1967 የዘመን መለወጫ ምሽት ነው። ያሳየውም ደርግ ነው። የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ጋር እያፈራረቀ አቀነባብሮ አቀረበው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን መኪና ሲወሰዱ በመንገድ የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸ።

በዚያ ምሽት በቴሌቪዥን የታየው ረሃብ እውነት ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱ የወጣው የወሎን ሰው ለማዳን አልነበረም፤ ያ ጊዜ አልፏል፣ የሞተውም ሞቷል። የወጣው ንጉሡን ለማውረድ ስለጠቀመ ነው። ተመልካቹ ያንን ሲያይ ቴሌቪዥኑ ነፃ የወጣ መስሎት ይሆናል። የተለወጠው ግን ቁልፉን የያዘው እጅ ብቻ ነበር።

ይህም በአሥር ዓመቱ ተረጋገጠ። የዕርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን በ1976 አጋማሽ ላይ ሚሊዮኖች ለረሃብ መጋለጣቸውን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። መንግሥት ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር። ከሰሜን ኮሪያ ሳይቀር በመጡ ባለሙያዎች አዲስ አበባ በቅስትና በመፈክር አሸበረቀች። የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ማስታወቂያ ሚኒስቴሩም ስሙ ተለውጦ «የማስታወቂያና የብሔራዊ መምሪያ» ሆኗል፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ቀድሞ ንጉሡን በደበቁት ረሃብ የከሰሰው ቴሌቪዥን ያንኑ ረሃብ፣ በዚያው ክፍለ ሀገር፣ ደበቀ።

መጋረጃውን የቀደደው ጥቅምት 13 ቀን 1977 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የቆረም ዘገባ ነው። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ምስሉን ያነሣው ደግሞ ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነበር። መሐመድ በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በ1989 ኅዳር ኮሞሮስ ዳርቻ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የቆረሙ ምስል ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተላለፈ፤ እርዳታም ጎረፈ። እዚህ ላይ ግን የውጭውን ጋዜጠኛ መልአክ አናድርገው። ያ ዘገባና የተከተሉት ብዙዎቹ ችግሩን የድርቅ ችግር ብቻ አስመስለው አቅርበዋል። በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የተቃጠለው ሰብልና የተዘጋው የእህል መንገድ በወጉ አልተነገረም። እነርሱም የሚሠሩት በመንግሥት ፈቃድ ነበርና። በዚያ ረሃብ ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

የሕዝቡ እምነት ምን ሆነ? ሕዝቡ ጆሮውን ይዞ ተሰደደ። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1975 ተከተለ። በደርግ ዘመን በየቤቱ በር ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ ሬዲዮ ይደመጥ ነበር። የደሴ ሰው በላስታ የሆነውን ከኮሎኝና ከዋሺንግተን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ ጣቢያዎቹ የባዕድ መንግሥታት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሳቸው መሆናቸውን እያወቀ! የአገሩን ጋዜጣ ሲያነብ ደግሞ ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ ለመደ። «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» ሲባል ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ነው ብሎ ይተረጉማል። ይህ ልማድ ከደርግ ጋር አብሮ አልሄደም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ሳንሱርን ካስቀረ በኋላም፣ ጋዜጣ በየማዕዘኑ ከፈላ በኋላም፣ ዛሬ ስልክ በየእጁ ከገባ በኋላም ሰው የመንግሥትን ዜና የሚሰማው በአንድ ጆሮው ነው። በሌላው ጆሮው የሚሰማውን የማኅበራዊ መገናኛ ወሬ ግን ማን እንዳጣራው አይጠይቅም። መንግሥት አንድ ቀን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ቢናገር፣ ወረርሽኝ ገባ ቢል፣ አንበጣ መጣ ቢል፣ የሚያምነው የት ያገኛል?

ገዢዎችም ከዚህ አላተረፉም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ አጥንተው በእ.ኤ.አ. 1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት በ1965 የአገሪቱ ጠቅላላ እህል ያን ያህል አልጎደለም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። ከዚህ ተነሥተው ሴን ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ገዢው ወሬውን ቀድሞ ይሰማል፣ ዝም ብሎ መቀመጥም አይችልም ሲሉ ይከራከራሉ። በቻይና ከእ.ኤ.አ. 1958 እስከ 1961 እስከ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ የሚገመት ሕዝብ ሲያልቅ ከየአውራጃው ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት የተትረፈረፈ ምርት የሚያወራ ነበር። ሹማምንቱ ራሳቸው ባስፈሩት ሰው ተታለሉ።

ታዲያ በጭቆና ሥር ያለ ጋዜጣ ምንም ማድረግ አይችልም? በእ.ኤ.አ. 1943 በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ቤንጋል ስትራብ፣ ካልካታ የሚታተመው ስቴትስማን ጋዜጣ አዘጋጅ ኢያን ስቲፈንስ በጎዳና ላይ የሚሞቱ ሰዎችን ፎቶግራፍ በነሐሴ ወር አወጣ። ራሱ እንግሊዛዊ ነበር፤ አገሩም ጦርነት ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ዴልሂም ለንደንም አላየንም ማለት አልቻሉም። ዘግይቷል፤ ያለቀው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ሆኖም አንድ አዘጋጅ የጌታውን ፊት ማየት ሲተው ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ዛሬ በአገራችን ክርክሩ በአብዛኛው በቃሉ ላይ ሆኗል። በ2008ቱ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ራሱ ከአጋሮቹ ጋር አስታውቋል፤ ነገር ግን «ድርቅ» እና «የምግብ እጥረት» እንጂ «ረሃብ» የሚለው ቃል አይወደድም ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ ቃሉ መለኪያ አለው። በዓለም አቀፉ ሚዛን አንድ አካባቢ ረሃብ ገባበት የሚባለው ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ከ10,000 ሰው በቀን ቢያንስ ሁለት ሲሞት ነው። እንግዲህ ቃሉ እስኪፈቀድ የሚጠብቅ ጋዜጠኛ ሬሳ እስኪቆጠር ይጠብቃል ማለት ነው።

ቃሉን ለባለሥልጣናቱ ትቶ የገበያውን ዋጋ መጻፍ ይቻላል። ረሃብ ከመግባቱ በፊት ገበሬውም አርብቶ አደሩም ከብቱን ወደ ገበያ ያወጣል፤ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። አንድ ኩንታል ማሽላ ለመግዛት አምና ስንት በግ ይሸጥ ነበር? ዘንድሮ ስንት? በባቲ የሰኞ ገበያ ኦሮሞውም፣ አፋሩም፣ አማራውም ይገናኛል፤ የተጠየቀ ሁሉ ዋጋውን ይናገራል። ይህን በየሳምንቱ በአንድ ጠባብ ዓምድ የሚያወጣ ጋዜጣ ማንንም አልከሰሰም፣ ማንንም አላሞገሰም። አንባቢውም ሰኞ ባቲ ውሎ የመጣ ዘመድ ካለው ቁጥሩ ልክ መሆን አለመሆኑን በማግስቱ በስልክ ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይችላል።