አንድ ሰው ስለ ብዙዎች ይሙትን?

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሰውን ልብ ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ይኸውም፦ ብዙዎችን ለማዳን አንድ ሰው እንዲሞት ማድረግ ይገባልን? የሚል ነው።

ፊሊፓ ፉት የተባለች እንግሊዛዊት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ በምሳሌ አቅርባዋለች። ምሳሌውን ለመረዳት ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋውን ሐዲድ እናስብ። ፍሬኑ የተበላሸ ባቡር ይመጣል፤ በፊቱ አምስት ሠራተኞች አሉ። ነጂው ወደ ሌላው ሐዲድ ቢያዞረው ግን በዚያ ያለው አንድ ሠራተኛ ይሞታል። ምን ያድርግ?

በዚያው ዓመት ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሕዋ ጉዞ ልብ ወለድ ይህን የመሰለ ፈተና አሳየ። ካፒቴን ከርክ ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ይደርሳል፤ በዚያም ድኾችን የምታበላ ኢዲት ኪለር የምትባል ደግ ሴት ይወዳል። እርስዋ በመኪና ተገጭታ ካልሞተች፣ የምትመራው የሰላም ማኅበር አሜሪካን ከጦርነቱ ያዘገያትና ሂትለር ያሸንፋል። ስለዚህ ከርክ ሊያድናት የተነሣውን ሐኪም ጓደኛውን ይዞ ያስቀረዋል፤ እርስዋም ትሞታለች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከርክ የሚመጣውን በመሣሪያ አይቶ ዐውቋል፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ነገን ያየ ሰው የለም። እንግዲህ «ለብዙዎች ደኅንነት አንዱ ይሙት» የሚል ሰው ቢነሣ፣ አስቀድመን «እንዴት ዐወቅህ?» ልንለው ይገባናል።

እንዲህ ያለው ጭንቅ በልብ ወለድ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ራብ ወሎንና ትግራይን ባጠቃ ጊዜ፣ ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በመቀሌ ምግቡ ለሁሉ ስላልበቃ፣ የሚመገቡትን ሕፃናት ከብዙዎች መካከል ለመምረጥ ተገደደች። እርስዋ ያለውን አካፈለች እንጂ ማንንም አልገደለችም። ሆኖም ምርጫው ለብዙ ዓመታት ኅሊናዋን አስጨንቆታል።

እኔ ግን ይህ ሸክም ስለ ምን በአንዲት ነርስ ትከሻ ላይ ወደቀ? ብዬ እጠይቃለሁ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ከወራት አስቀድሞ ለዓለም አስታውቆ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር፤ ዓለምም የነቃው በጥቅምት ወር የኮረም ሕዝብ ሥቃይ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እህሉ በጊዜው ደርሶ ቢሆን፣ ከሕፃን ሕፃን መምረጥ ባላስፈለገም ነበር።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ባቡሩ ከተንደረደረ በኋላ ንጹሕ ምርጫ አይገኝም፤ ፍሬኑን መፈተሽ ግን ከመነሣቱ በፊት ይቻላል። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በመላው ሀብሩም ዝናቡ ሲዘገይ አስቀድሞ መናገር፣ የተናገረውንም መስማት፣ በደኅና ዘመን እህል ማስቀመጥ የሁላችን ፈንታ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።